የመንጠቆ ምግብና ማታለያ አመራረጥ፦ ከጊቤ ቆሮሶ እስከ ባሌ ትራውት

ጅማ ዙሪያ ትራውት የለም፤ ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ድካም ይቀንሳል። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ወራጅ ውሃ የሚፈልግ ዓሣ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ 25 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሕይወቱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ኩሬዎቿና ዝግ ያሉ ወንዞቿ ለእሱ ይሞቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ትራውት የሚታወቀው ባሌ ተራሮች ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን የአገሩ ዓሣ ሳይሆን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ መጀመሪያ ደጃችን ላይ ስላሉት ስለ ቆሮሶ፣ ስለ አምባዛና ስለ ቢልጫ ይናገራል፤ ትራውቱ ከዚያ ይመጣል። ለሁሉም መነሻው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዓሣው ምግቡን የሚያገኘው በአፍንጫው ነው ወይስ በዓይኑ? መንጠቆ ላይ የሚሰካው ነገር የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቤት ውስጥ የተረፈውን ዳቦ ይዞ ይወጣና ዓሣው ለምን እምቢ እንዳለው ሲገረም ይውላል።

የማን ምግብ ነው?

ቆሮሶ ቀን ቀን የሚበላ፣ አፉ ትንሽ፣ ጥንቁቅ ዓሣ ነው። ዋና ቀለቡ ውሃውን አረንጓዴ የሚያስመስለው አልጌና ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ልስልስ ነገር ነው። አልጌ መንጠቆ ላይ አይሰካም፤ ደግነቱ ሊጥ፣ ዳቦና ቁራጭ ትልም አይጠላም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በመራቢያ ጊዜ እንስቷ እንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትቆይ አትበላም። ዳር ላይ ዓሣው እየታየ ምግቡን ዞር ብሎ ካላየው፣ ምግብ ከመቀያየር ይልቅ ወደ ጠለቅ ያለው ቦታ መሄድ ይሻላል።

አምባዛ የአፍንጫ ዓሣ ነው። ጺሞቹ ምግብ የሚቀምሱ ስለሆኑ ድፍርስ ውሃም ጨለማም አያግደውም። ትል፣ የዓሣ ቁራጭ፣ ጉበት፣ የዶሮ አንጀት፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሲመሽ ይነቃቃል።

ቢልጫ ከሁለቱ መሃል ነው። ወራጅ ውሃ ይወዳል፤ መሬት መሬቱን እየቆፈረ የነፍሳት እጭና ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ ትልልቁ ደግሞ ትናንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ለትልም ለሚያብረቀርቅ ብረትም የሚመጣው እሱ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አሰንዳቦን ሲያልፉ የሚገኘው፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ ሐይቅ ቢልጫና ቆሮሶ አለው። ቢልጫን በተለይ ወንዞቹ ወደ ሐይቁ የሚገቡባቸው ቦታዎች ላይ ይፈልጉት።

ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ግን የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚወጣ ለመብል የሚሆን ዓሣ የሚጠመድበት አይደለም።

ውሃውን በክዳን መለካት

ምግብ ከመምረጥዎ በፊት ውሃው ምን ያህል እንደሚያሳይ ይለኩ። ነጭ የፕላስቲክ ክዳን፣ ለምሳሌ የቅቤ ጣሳ ክዳን፣ መሃሉን ይብሱና ገመድ ያስገቡበት፤ ከሥሩ ትንሽ ድንጋይ ይሰሩ። ገመዱ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ያድርጉ። ቀስ አድርገው ወደ ውሃው ያውርዱትና ክዳኑ ከዓይን የተሰወረበትን ቋጠሮ ይቁጠሩ።

ከ20 ሴንቲ ሜትር በፊት ከጠፋ ዓሣው በዓይኑ አይመጣም፤ ጠንከር ያለ ጠረን ያለው ነገር ያስፈልጋል። ከ50 በላይ ከታየ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና የሚንቀሳቀስ ነገር ይዘው ይሂዱ። በመሃል ከሆነ ትል ይበቃል፤ ይንቀሳቀሳልም፣ ጠረንም አለው። ቁጥሮቹ የግምት ድንበር ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጊቤ ቡናማ ሆኖ ሲፈስስ የሚያብረቀርቅ ማታለያ መወርወር ለምን ከንቱ እንደሆነ በደንብ ያሳያሉ።

ትል

ጅማ ዙሪያ ልጆች «ራሞ» ሲሉ ትል ማለታቸው ነው። የኩሬ ዳር ልጅ ደግሞ ትል የት እንዳለ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ጠይቆ መጀመር ነውር የለውም። በራስዎ የሚፈልጉ ከሆነ የበሰበሰ የእንሰት ጉቶ ሥር፣ የሙዝ ግንድ ተቆርጦ የወደቀበት ቦታ፣ የቆየ የከብት እበት ክምር ይቆፍሩ። የቡና ገለፈት ክምርም ጥሩ ነው፤ ግን ወራት አልፎት ጠቁሮ አፈር የመሰለው ብቻ። ትኩሱ ገለፈት ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፤ ትል አይጠጋውም።

በዶማ አይቆፍሩ፤ ግማሹን ይቆርጡታል። ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ወይም እንጨት ይሻላል። ዝናብ ባደረ ጠዋት ከሆነ እጅ ብቻ ይበቃል። ለግማሽ ቀን ማጥመድ ከ40 እስከ 60 ትል በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢያወጡ ሞቶ ይቀራል።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትሉን በደረቅ ጣሳ ውስጥ ከአፈሩ ጋር ጠቅጥቀው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል፤ እኩለ ቀን ላይ ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ሁሉን ነገር ይናገራል። አንድ ትል ሲሞት ይፈርሳል፣ የእሱ ፈሳሽ አጠገቡ ያሉትን ይገድላል። ስለዚህ ክዳኑን በምስማር በሳስቶ አየር እንዲገባ ማድረግ፣ ከላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ማልበስ፣ ጣሳውን ጥላ ውስጥ ማኖር፣ የሞተውን በየጊዜው እየለቀሙ መጣል ያስፈልጋል።

ጊዜ ካለዎት አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሥሩ። ከማጥመድዎ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ትሉን ከአፈር አውጥተው በተቀደደና በውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ጋዜጣ ውስጥ ያኑሩት። ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር ያወጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይቀላል። ከአፈር በቀጥታ የወጣ ትል መንጠቆ ሲነካው ይፈነዳል፤ ጋዜጣ ላይ ያደረው ግን ሲወረወርም አይወድቅም።

ለቆሮሶ ሙሉ ትል አይስኩ። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ ያልብሱ። ትሉ ከተንጠለጠለ ቆሮሶ የተንጠለጠለውን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይወስድና መንጠቆውን ባዶ ይመልስልዎታል። ለአምባዛ በተቃራኒው ነው፦ አምስት ስድስት ትል ወገባቸው ላይ እየወጉ በአንድ መንጠቆ ላይ ይደርድሩ፤ የሚርመሰመስ ትልቅ እብጠት ይሁን።

ሊጥ

ለቆሮሶ ከሊጥ የሚረክስና የሚመች ምግብ የለም፤ ችግሩ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ነው። የሚከተለው አሠራር መሟሟቱን ያዘገየዋል።

1. 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የበቆሎ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ በደንብ የተወቀጠና የተነፋ የኑግ ፋጉሎ ያዋህዱ። ፋጉሎው ቅባትና ጠረን ይሰጣል።

2. 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ይጨምሩ። ስኳርም ይሆናል፤ ጅማ ላይ ሆኖ ማር ካልተገኘ ግን ያስቃል።

3. ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያቡኩት። ጆሮን ሲጫኑ ከሚሰማው ልስላሴ ትንሽ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ይጨምሩ።

4. የሎሚ መጠን ያላቸው ድቡልቡሎች ሠርተው የፈላ ውሃ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቀቅሉ። ወደ ላይ ሲንሳፈፉ ያውጡ።

5. ሲቀዘቅዝ እንደገና ያሹት፤ አሁን እንደ ላስቲክ የሚሳብ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በጣት የተባዘተ፣ ከሸረሪት ድር ያልበለጠ ቀጭን ጥጥ ጣል ጣል እያደረጉ አብረው ያሹት።

ሚስጥሩ ያለው ጥጡ ላይ ነው። ጭድ ለጭቃ ቤት እንደሚሆነው ጥጡ ሊጡን ይይዘዋል፤ ቆሮሶ ሲያኝከው ቶሎ አይበተንም። በዝቶ ከገባ ግን መንጠቆው ሊጡን ሰንጥቆ መውጣት ስለሚያቅተው ዓሣው ሳይያዝ ይለቀዋል። አንድ ቁራጭ ሊጥ በሁለት ጣት ሲሳብ ትንሽ ተለጥጦ ከተበጠሰ ልክ ነው፤ እንደ ገመድ ከተንጠለጠለ ጥጡ በዝቷል።

መንጠቆው ላይ የሚያርፈው የሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን። ቅርጹን እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ሾጠጥ ከታች ሞላ ያድርጉት፤ ክብ ኳስ ሲወረወር ይፈተለካል። የተረፈውን ሊጥ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ካስቀመጡት እስከ ማግስቱ ይሠራል። ቆጮም እንዲሁ በጥጥ ታሽቶ ይሆናል፤ የኮመጠጠ ጠረኑ ድፍርስ ውሃ ላይ ከስንዴው ሊጥ ሊበልጥ ይችላል።

ዓሣው ወደ ቦታው እንዲሰበሰብ ፉርሽካና ፋጉሎ በእርጥብ አፈር ለውሰው ብርቱካን የሚያካክሉ ሦስት አራት ኳሶች ሲጀምሩ ይጣሉ፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ። ዓላማው ማስጎምጀት እንጂ ማጥገብ አይደለም። አንድ ባልዲ ፉርሽካ የደፋ ሰው ዓሣውን ቀልቦ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጉበትና አንጀት

ለአምባዛ የዶሮ ጉበት፣ የዶሮ አንጀት ወይም የዓሣ ሆድ ዕቃ ይመረጣል። ጉበት ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ የአውራ ጣት ራስ ያህል ቆርጠው መንጠቆው ላይ ከሰኩ በኋላ በስፌት ክር አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥመው ይሰሩት። ወይም ጨው ነስንሰው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ጨው ውሃውን ስለሚያወጣበት ይጠነክራል። አንጀት እንደ መርፌ ሥራ እየታጠፈ ሦስት ጊዜ ይወጋል።

ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ አንጀት የበለጠ ይስባል የሚሉ አሉ፤ ጠረኑ ስለሚበረታ እውነት አለው። ግን ከዚያ ካለፈ ይፈርሳል፣ መንጠቆ ላይም አይቆምም። በበሽታ ከሞተ ዶሮ የወጣ ነገር በጭራሽ አይንኩ።

የመንጠቆው ጫፍ መታየት አለበት። አምባዛ አይቶ አይፈራም፤ ጫፉ ሥጋ ውስጥ ከተቀበረ ግን አጥንታማ አፉን ሊወጋ አይችልም። የመጀመሪያው ንዝረት ሲሰማም አይሳቡ። አምባዛ ምግቡን ይዞ ትንሽ ይሄዳል፤ ክሩ ሳያቋርጥ ሲሄድ ያኔ ይሳቡ። ሲያወጡት ከጎኑ ካሉት ሁለት እሾሆች እጅዎን ይጠብቁ።

አሸን

ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት ሲፈላ፣ ያ «እንደ አሸን» የሚባልለት ነገር፣ ለጥቂት ሰዓት ከሁሉም ምግብ የሚበልጥ ምግብ ይገኛል። ውሃ ላይ የወደቀውን ቢልጫ ከታች እየመጣ ይለቅመዋል። ቀጭን መንጠቆ፣ ቁጥር 12 ወይም 10፣ ሁለት አሸን ደረታቸው ላይ ወግተው ያለ እርሳስ፣ ማለትም ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው ክብደት ሳይኖር፣ እንዲንሳፈፉ ይልቀቁ። ፌንጣም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚወጋው ከአንገቱ ጀርባ ባለው ጠንካራ ቅርፊት ሥር ነው። ሆዱ ላይ ከወጉት ሁለት ውርወራ አይቆይም።

መንጠቆ፣ ክርና እርሳስ

የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 12 ከ8 ያንሳል። ከ1 በኋላ ደግሞ ተገልብጦ 1/0፣ 2/0 እያለ ያድጋል። ለቆሮሶ ከ12 እስከ 8፣ ለቢልጫ ከ8 እስከ 2፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 4/0 ይሆናል። ክሩ ለቆሮሶ 0.20፣ ለቢልጫ 0.28፣ ለአምባዛ 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢሆን ይስማማል።

ለቆሮሶ ተንሳፋፊ ያስፈልጋል። ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶል የጣት ያህል ተቆርጦ፣ መሃሉ በጋለ ሽቦ ቢበሳ ከሱቅ ዕቃ አያንስም። ነገር ግን ትልቅ አድርገው አይቁረጡት፤ ቆሮሶ ሲስብ ክብደቱ ከተሰማው ይተፋል። እርሳሱን ተንሳፋፊው እስከ አፉ ድረስ እንዲሰምጥ ያህል ይጨምሩ። ለአምባዛ ተንሳፋፊ አያስፈልግም፤ ከ30 እስከ 50 ግራም እርሳስ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይቀመጥ፣ ከእርሳሱ እስከ መንጠቆው 40 ሴንቲ ሜትር ይተው። እርሳሱ በቋጠሮ ከታሰረ ዓሣው ክብደቱን ይሰማና ይለቃል።

ምን ተበላሸ?

ምግቡ እያለቀ ዓሣ ካልተያዘ መንጠቆው ትልቅ ነው ወይም ምግቡ በዝቷል። ሁለቱንም በግማሽ ይቀንሱ። ምግቡ ሳይነካ ከተመለሰ ጥልቀቱን ይቀይሩ፤ ተንሳፋፊውን በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር እያወረዱ ይሞክሩ፣ ምግብ መቀየሩ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ዓሣው ተይዞ ዳር ሲደርስ ካመለጠ ብዙ ጊዜ መንጠቆው ደንዝዟል፦ ጫፉን አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ከተንሸራተተ በሊማ ይሳሉት፣ ከያዘ ደህና ነው።

እጅም ያበላሻል። ነዳጅ፣ ሲጋራ ወይም የወባ ትንኝ ቅባት የነካ እጅ ሊጥ ካቦካ አምባዛም ሆነ ቆሮሶ ይሸሸዋል። ቅባቱን መተው ግን አይገባም፤ ጊቤ ዳር ማምሸት ወባ አለበት። ቅባቱን በእጅዎ ጀርባ ይቀቡና መዳፍዎን በአፈር ይሹት።

ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ ስላለ ለአምባዛ ብለው ሲመሽ ሣር ውስጥ አይቀመጡ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ እርስዎ በእሱና በውሃው መሃል ከተገኙ ደግሞ መንገዱን አይለውጥም። ባዶ እግርዎንም ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ቆመው አይዋሉ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ብርብራን በተመለከተ፦ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ተንሳፎ ይወጣል፤ ቡናው መሃል ዛፉ ሞልቶ ስለሚገኝም ፈተናው ቅርብ ነው። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር የዓሣውን መተንፈስ ያቆመዋል። ትልቁን ከትንሹ፣ ልጁን ከእናቱ አይለይም፤ ዓሣው የሚበላቸውን ነፍሳትም ይጨርሳል። ብርብራ የተበተነበት ኩሬ ላይ ከዚያ በኋላ የትኛው ትል ይሻላል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ባሌ ለሚሄዱ፦ ትራውት

ከጅማ ባሌ ለመድረስ በአዲስ አበባ በኩል ሲሄዱ ሁለት ቀን መመደብ ይሻላል። ዌብና ዳንካ ወንዞች ዲንሾ አካባቢ ናቸው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ማጥመድ በፈቃድ ስለሆነ ምን ዓይነት ምግብና መንጠቆ እንደሚፈቀድ እዚያው ጠይቀው ይጀምሩ። ሁለት ዓይነት ትራውት አለ፦ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ቀስተ ደመና ትራውት፣ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ደግሞ ቡናማ ትራውት ይባላል።

እስካሁን ያልነው ስለ ጠረን የነበረው ነገር እዚህ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትራውት የዓይን ዓሣ ነው። ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ከድንጋይ ጀርባ ይቆማል፣ ውሃው የሚያመጣለትን ያያል፣ ብቅ ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይለወጣል፦ ክሩ ይቀጥናል፣ 0.16 ወይም 0.18 ሚሊ ሜትር፤ እርስዎ ከኋላው፣ ከወንዙ ታች ወደ ላይ ጎንበስ ብለው ይጠጉታል፤ ምግቡም ከውሃው ፍጥነት ጋር እኩል መሄድ አለበት። ከውሃው የዘገየ ትል መጎተቱ ስለሚታወቅ ትራውት አይነካውም።

ትል የሚፈቀድ ከሆነ መንጠቆ ቁጥር 10 ወይም 8 ይጠቀሙ። ትሉን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ወግተው ሁለቱም ጫፉ እንዲንቀሳቀስ ይተዉት፤ ለቆሮሶ ያልነው ተቃራኒ ነው። ከመንጠቆው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ ወይም ሁለት ጎመን ዘር የሚያህሉ እርሳሶች ይጫኑ። እርሳሱ መሬቱን አልፎ አልፎ ነካ ነካ እያደረገ መሄድ አለበት፤ ከቆመ በዝቷል፣ ፈጽሞ ካልነካ አንሷል። የትል ጉድለቱ ትራውት ቶሎ ወደ ጉሮሮው ስለሚውጠው መልሶ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው በሕይወት ሊለቀው አለመቻሉ ነው። ለመልቀቅ ካሰቡ ሰው ሠራሽ ማታለያ ይምረጡ።

ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ይዩ። የተጣበቁ ጥቃቅን እጮች ካገኙ መጠናቸውንና ቀለማቸውን የሚመስል ሰው ሠራሽ ዝንብ ይመርጣሉ፤ በአብዛኛው ቡናማ ወይም ጥቁር፣ መንጠቆ ቁጥር 14 ወይም 12። ድንጋዩን መልሰው እንደነበረ ያስቀምጡት። ውሃው ደፍረስ ካለ ቁጥር 8 ላይ የተሠራ፣ ጅራቱ የሚወዛወዝ፣ ወሊ በገር የሚባል ጥቁር ሰው ሠራሽ ዝንብ የተሻለ ይታያል።

ስፒነር፣ ምላሱ እየተሽከረከረ የሚሄደው ማታለያ፣ ለጀማሪ ከዝንብ ይቀላል። ከቁጥር 0 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 5 ግራም የሚመዝን ለእነዚህ ወንዞች ይበቃል። ቀለሙ በብርሃኑ ይመረጣል፦ ጥርት ባለ ፀሐይና ንጹሕ ውሃ የደበዘዘ መዳብ፣ ደመና ሲሆን ብር፣ ውሃው ሲደፈርስ ወርቃማ። በጠራ ፀሐይ ንጹሕ ውሃ ላይ ብሩን የሚወረውር ሰው ዓሣውን ሊያባርር ይችላል፤ ብልጭታው ከመብራት አይተናነስም።

አወራወሩ ወደ ወንዙ ላይ በ45 ዲግሪ አንጻር ነው። ውሃ እንደነካ መጠቅለል ይጀምሩ፤ ፍጥነቱ ምላሱ መሽከርከሩ በዘንጉ ጫፍ ንዝረት እስኪሰማ ድረስ ብቻ ይሁን። ንዝረቱ ከጠፋ ዘግይተዋል ወይም ሣር ይዟል። ክሩና ስፒነሩ መሃል ተሽከርካሪ መጋጠሚያ ካልገባ አሥር ውርወራ ሳይሞላ ክሩ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታው በመቀስ ነው።

የሻይ ማንኪያ ማታለያ

ሱቅ ውስጥ ስፒነር ካልተገኘ የሻይ ማንኪያ ይሠራል። ይህ ለባሌ ትራውትም ለጊቤ ትልቅ ቢልጫም ይሆናል።

የብረት ወይም የናስ ማንኪያ ይምረጡ። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ቶሎ አይሰምጥም፣ ሩቅም አይወረወርም። እጀታውን ከራሱ ሥር በብረት መጋዝ ይቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ በሊማ ያለሰልሱ። በሁለቱም ጫፍ፣ ከዳር 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በትራፓኖ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ከመብሳትዎ በፊት በምስማር ምልክት ካልመቱበት የትራፓኖው ጫፍ ጎድጓዳው ላይ ይንሸራተትና እጅ ይመታል። ማንኪያውን በእጅ ሳይሆን በፒንሳ ይዘው ይሥሩ።

ቀዳዳው ውስጥ ክር በቀጥታ አይሰሩ፤ የብረቱ ጠርዝ ይቆርጠዋል። በሁለቱም በኩል የቁልፍ መያዣ የሚመስል ትንሽ ጥምዝ ቀለበት ያስገቡ። በሰፊው ጫፍ ቀለበት ላይ ቁጥር 6 ወይም 4 መንጠቆ፣ በጠባቡ ጫፍ ላይ ተሽከርካሪ መጋጠሚያና ክሩ ይሆናል። ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ብዙ ይይዛል፣ ድንጋይንም ጭምር፤ ድንጋያማ ወንዝ ላይ ባለአንዱ ይሻላል። ዓሣውን ለመልቀቅ ካሰቡ ጫፉ ሥር ወደ ኋላ የተመለሰውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት።

ወደ ወንዝ ከመውሰድዎ በፊት በርሜል ወይም ረጅም ገንዳ ውስጥ ይጎትቱት። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ መሄድ አለበት። እንደ ቡሽ መክፈቻ ዙሪያውን ከተሽከረከረ ጎድጓዳው በዝቷል፤ በእንጨት ላይ አስተኝተው በመዶሻ ጥቂት ይለጥጡት። ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ከመጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መሃሉን ትንሽ ያጉብጡት። ብልጭታው ከበዛብዎት ውጭውን በሻማ ጭስ ያጥቁሩት፤ ጥላሸቱ ሲታጠብ እንደገና ያጭሱታል።

ከባሌ ሲመለሱ የተረፈውን ትል ወንዙ ዳር አይድፉት። ከጊቤ የያዙትን ሕያው ትንሽ ዓሣም ለሌላ ውሃ ምግብ ይሆናል ብለው በጀሪካን ይዘው አይሂዱ። ማንኪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው መንጠቆውን ዘይት በነካ ጥጥ ይጠቅልሉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ዋዜማ ዘይቱን በአመድና በውሃ አጥበው ያስወግዱት።